የድንኳኑ ምሽት፦ በሪንጃኒ ተራራ የሌሊት ጉዞ የከፍታ፣ የብርድና የድካም አደጋዎች

መግቢያ

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ደጋማ ስፍራዎች በመንገድ መሪ ታግዞ ተራራ መውጣት፣ ሌሊቱን በድንኳን አድሮ ጎህ ሲቀድ ከጫፉ መድረስ በስፋት የተለመደ የጉብኝት ዓይነት ነው። ከተጓዦቹ መካከል ብዙዎቹ የተራራ ልምድ የሌላቸው፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በባሕር ዳርቻ የሰነበቱና ጉዞውን እንደ ረዘም ያለ የእግር ሽርሽር የሚቆጥሩት ናቸው። የተራራው ከፍታ ከሂማልያ ጋር ሲነጻጸር መካከለኛ በመሆኑም ተጓዡም ሆነ የሚያማክረው የጤና ባለሙያ አደጋውን አቅልሎ ሊያይ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በኢንዶኔዥያ የሚገኘውን የሪንጃኒ ተራራ ጉዞ በምሳሌነት በመውሰድ፣ በእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ ጤናን የሚፈታተኑት ሁኔታዎች ምን እንደሆኑና በየትኛው ሰዓት ሊደረስባቸው እንደሚቻል ያስረዳል። ዋናው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። አንድ ተጓዥ ወደ ጫፉ መውጣት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ መመለስ ያለበት በጨለማ፣ በገደል አፋፍ ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ በድንኳኑ ምሽት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ዓመታት የተጠቀሱት እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ሲሆን ሰዓቶቹ ግን የስፍራው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተገለጸበት ነው።

ተራራውና የጉዞው ሰሌዳ

ሪንጃኒ ከባሊ በስተ ምሥራቅ ባለችው የሎምቦክ ደሴት ላይ የሚገኝ እሳተ ገሞራ ነው። ቁመቱ 3,726 ሜትር ሲሆን ከኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራዎች በሱማትራ ካለው ከከሪንቺ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በ1257 በዚሁ ስፍራ የነበረው ሳማላስ የተባለው ተራራ በታላቅ ኃይል ፈንድቶ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ትቶ አልፏል። በጎድጓዳው ውስጥ በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሰጋራ አናክ የተባለው ሐይቅ ይገኛል። እሳተ ገሞራው ዛሬም ሕያው ነው፤ ከሐይቁ አጠገብ የበቀለው ትንሹ ተራራ በ2015 እና በ2016 አመድ ተፍቷል።

የተለመደው አጭር ጉዞ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ይወስዳል። ተጓዡ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 1,150 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከሰምባሉን መንደር ተነሥቶ፣ ጥላ የሌለበትን ሰፊ የሣር ሜዳ አቋርጦና ቀጥ ያሉ ጉብታዎችን ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ በጎድጓዳው አፋፍ 2,639 ሜትር ላይ ካለው የድንኳን ሰፈር ይደርሳል። እራት በልቶ ጥቂት ሰዓታት ይተኛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተቀስቅሶ በግንባሩ ባትሪ አስሮ ጉዞ ይጀምራል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትወጣ ከጫፉ ለመድረስ ይጣደፋል። ከዚያም ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ቁርስ በልቶም በዚያው ቀን እስከ መንደሩ ድረስ ይወርዳል።

ይህ ሰሌዳ በቁጥር ሲታይ ሸክሙ ግልጽ ይሆናል። ተጓዡ በመጀመሪያው ቀን ወደ 1,500 ሜትር፣ በሌሊቱ ደግሞ ወደ 1,100 ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ በሁለተኛው ቀን ከ2,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በተቆራረጠ የጥቂት ሰዓታት እንቅልፍ ነው። የመጨረሻው አቀበት ልቅ የእሳተ ገሞራ አመድና ጠጠር በመሆኑ፣ የተራመደው እግር መልሶ ይንሸራተታል። በግራና በቀኝ ያለውም ገደል ነው። ስለዚህ አደጋውን የሚያባብሰው የተራራው ቁመት ብቻ ሳይሆን የጉዞው ሰሌዳ መጣደፍ ጭምር ነው።

ከፍታው በሰውነት ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በ3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ባይለወጥም፣ ግፊቱ በመቀነሱ ወደ ሳንባ ከዚያም ወደ ደም የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ትንፋሹን ያፋጥናል፤ የልብ ምትንም ይጨምራል። ይሁንና ሰውነት ከፍታን በሚገባ ለመላመድ ቀናት ያስፈልጉታል። በዚህ ጉዞ ላይ ግን ያለው ጊዜ ሰዓታት ብቻ ነው።

አጣዳፊ የከፍታ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ተጓዡ ከስፍራው ከደረሰ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። ዋናው ስሜት ራስ ምታት ሲሆን የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ማቅለሽለሽ፣ ከልክ ያለፈ ድካም እና ማዞር አብረው ይታያሉ። በ2018 የተሻሻለው የሌክ ሉዊዝ መለኪያ እነዚህን አራት ስሜቶች እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ራስ ምታት ኖሮ ድምሩ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የከፍታ ሕመም እንዳለ ይታሰባል። የእንቅልፍ ማጣት በቀድሞው መለኪያ ውስጥ የነበረ ቢሆንም በተሻሻለው ተትቷል።

ሁለቱ አስጊ ችግሮች በከፍታ ምክንያት የሚመጡት የአንጎል እብጠትና በሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ናቸው። የመጀመሪያው በሚዛን መሳትና በአእምሮ መደናገር ይታወቃል። ሁለተኛው ደግሞ በእረፍት ጊዜ እንኳ በሚታይ የትንፋሽ ማጠር፣ በሳልና በአቅም ድንገተኛ መቀነስ ይገለጻል። የሳንባው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከፍታ ላይ ከተደረሰ ከሁለት እስከ አራት ቀናት በኋላ የሚመጣ በመሆኑ፣ በሁለት ቀን ተጀምሮ በሚያልቅ ጉዞ ላይ እምብዛም አይጠበቅም። ይሁንና ከዚህ በፊት ያጋጠመው ሰው ወይም የሳንባ የደም ግፊት ያለበት ሰው ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም።

የመኝታው ከፍታ ልዩነት እንደሚያመጣም ማስታወስ ይገባል። በማሌዥያ ሳባ ግዛት በሚገኘው፣ 4,095 ሜትር ከፍታ ባለው የኪናባሉ ተራራ ላይ ተጓዦች የሚያድሩት በድንኳን ሳይሆን በማረፊያ ቤቶች ሲሆን፣ ስፍራው 3,270 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የሚያድር ሰው በሪንጃኒ አፋፍ ከሚያድረው ይልቅ ለከፍታ ሕመም የተጋለጠ ነው። በሪንጃኒ በአንጻሩ የመኝታው ከፍታ ዝቅ ስለሚል፣ ብርድ፣ ድካምና መውደቅ ከከፍታ ሕመም ባልተናነሰ ሊታሰብባቸው ይገባል።

ብርድና እርጥበት

የምድር ወገብ አካባቢ መሆኑ ተጓዦችን ያዘናጋል። በአማካይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ ሌሊቱ 24 ዲግሪ ቢሆን፣ በሪንጃኒ ጫፍ ሙቀቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ይሆናል። ነፋስ ሲታከልበት ሰውነት የሚያጣው ሙቀት እጅግ ይበዛል።

ተጓዡ በመጀመሪያው ቀን በፀሐይ ሲወጣ በላብ ይርሳል። ያንኑ ልብስ ለብሶ ከተኛና በሌሊት ከተነሣ፣ እርጥቡ ልብስ ሙቀቱን ይመጥበታል። ሌላው አደገኛ ጊዜ ደግሞ ከጫፉ በታች ፀሐይ መውጣትን ሲጠባበቅ የሚቆምበት ነው። ሲወጣ ሥራ ላይ የነበረው ጡንቻ ሙቀት ያመነጭ ነበር፤ በቆመበት ቅጽበት ግን ይህ ምንጭ ይቋረጣል።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ የመጀመሪያው ምልክት መንቀጥቀጥ ነው። ቀጥሎ እጅ ይደነዝዛል፣ እግር ይደናቀፋል፣ አንደበት ይተሳሰራል፣ ሰውየውም ለነገሩ ሁሉ ግድ የለሽ ይሆናል። እነዚህ ምልክቶች ከአንጎል እብጠትም ሆነ ከደም ስኳር ማነስ ጋር ይመሳሰላሉ። ስለሆነም በጨለማ የሚደናቀፍ ሰው «ደክሞት ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው መፍዘዝ ከጀመረም መሻሻሉን ሳይሆን መባባሱን ያመለክታል።

ድካም፣ ፈሳሽና መውደቅ

ደረቁ የተራራ አየር፣ የተፋጠነው ትንፋሽና ላብ ፈሳሽ ያስወጣሉ። ነገር ግን ያለ መጠን ውሃ መጠጣት የከፍታ ሕመምን አይከላከልም፤ የደም ሶዲየም እንዲቀንስም ሊያደርግ ይችላል። ተገቢው ምክር ጥምን ተከትሎ መጠጣት፣ ከውሃው ጋርም ጨው ያለበት ምግብ መመገብ ነው። የምግብ ፍላጎት በከፍታ ስለሚቀንስ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚወሰድ ኃይል ሰጪ ምግብ ይመረጣል።

በሰፈሩ ብዙ ሰው ስለሚያርፍ የመጸዳጃና የውሃ ንጽሕና ሌላው ጉዳይ ነው። በምሽቱ የጀመረ ተቅማጥ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ተጓዡን ለአቀበቱ ብቁ ያልሆነ ሊያደርገው ይችላል። የተፈላ ወይም የታከመ ውሃ መጠጣትና ከምግብ በፊት እጅን መታጠብ ቀላል ቢመስሉም ጉዞውን የሚያተርፉ ናቸው።

መውደቅ ሲመላለስ የሚያጋጥመው ቁልቁል ሲወረድ ነው። ጫፉን የማየት ጉጉት አብቅቷል፤ ጭኑና ጉልበቱ ዝሏል፤ እንቅልፍም ይከብዳል። ምርኩዝ መጠቀም፣ እርምጃን ማሳጠርና ማረፍ ይረዳሉ። የመውደቅ ጉዳት በዚህ ስፍራ ሌላ ትርጉም አለው፤ እርዳታ ሩቅ ነውና። በሰኔ 2025 አንዲት ብራዚላዊት ተጓዥ ወደ ጫፉ በሚወስደው መንገድ ላይ ወድቃ ሕይወቷ አልፏል። የነፍስ አድን ሠራተኞች በገደሉ፣ በጭጋጉና በልቅ አፈሩ ምክንያት ወደ እርሷ የደረሱት ከቀናት በኋላ ነበር። በሐምሌ 29 ቀን 2018 ደግሞ በሎምቦክ 6.4 መጠን ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በናዳው ምክንያት ከ500 በላይ ተጓዦችና መሪዎች በተራራው ላይ ታግተው ነበር። ከእነዚህ ሁነቶች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ በዚህ ተራራ ላይ ሄሊኮፕተርና አምቡላንስ የእቅድ አካል ሊሆኑ አይችሉም። እቅዱ ጉዳቱ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።

የምሽቱ ምርመራ

ተጓዡ ከድንኳኑ ሰፈር ከደረሰበት እስከሚነሣበት ያሉት ሰዓታት በጉዞው ውስጥ ብቸኛው የማሰቢያ ጊዜ ናቸው። ሰውየው ተቀምጧል፣ ብርሃን አለ፣ መሪው አጠገቡ ነው፣ ወደ ኋላ መመለስም ገና ቀላል ነው። ከአራት ሰዓት ሽቅብ ጉዞ በኋላ፣ ጫፉ እየታየ «ይበቃኛል» ማለት ግን ለማንም ይከብዳል። ገንዘብ ተከፍሏል፤ ጓደኞች እየጠበቁ ነው፤ ከፍታውም የማመዛዘን ችሎታን ይቀንሳል።

ምርመራው መሣሪያ አይጠይቅም። መሪው ወይም በቡድኑ ውስጥ ያለ የጤና ባለሙያ ከእራት በኋላ እያንዳንዱን ተጓዥ ለብቻው የሚከተሉትን ይጠይቃል፣ ይመለከታልም።

1. ራስ ምታት አለ ወይ? በተለመደው ማስታገሻና በእረፍት ይሻላል ወይ?
2. እራቱን በልቷል ወይ? አስመልሶታል ወይ?
3. ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጥረዋል ወይ? ሳል አለው ወይ?
4. ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር ያለ መንገዳገድ መራመድ ይችላል ወይ?
5. በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ሽንት ሸንቷል ወይ? ተቅማጥ አለው ወይ?
6. ደረቅ ልብስ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የነፋስ መከላከያና የሚሠራ ባትሪ አለው ወይ?
7. በቀን ከቡድኑ ምን ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር?

ሰባተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በቀን፣ በጠንካራ መሬት ላይ እጅግ ወደ ኋላ የቀረ ሰው፣ በሌሊት በልቅ ጠጠር ላይ ከቡድኑ ጋር እኩል አይሄድም። ስለዚህ ወይ ራሱን የቻለ መሪ ሊመደብለት ወይም ከሰፈሩ እንዲቀር ሊመከር ይገባል። በመንገድ ላይ ብቻውን ተቀምጦ እንዲጠብቅ ማድረግ ግን በምንም ምክንያት ተቀባይነት የለውም።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካለ ሊረዳ ይችላል፤ ብቻውን ግን አይወስንም። በከፍታ ላይ ከጤነኞች መካከልም የኦክስጅን መጠኑ ከ90 በመቶ በታች የሚሆን አለ። ጣት ሲቀዘቅዝም መሣሪያው ይሳሳታል። ከቁጥሩ ይልቅ ሰውየው የሚሰማውና አረማመዱ ይበልጥ ይናገራሉ። ጥያቄዎቹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲነሡ በአጭሩ ሊደገሙ ይገባል፤ የከፍታ ሕመም የሚጀምረው በእነዚሁ ሰዓታት መካከል ነውና። የመመለሻ ሰዓትም በዚሁ ምሽት ተወስኖ ለሁሉም ሊነገር ያስፈልጋል። ያ ሰዓት ከደረሰ፣ ጫፉ ምንም ያህል ቢቀርብ፣ ቡድኑ ይመለሳል።

ሕመም ሲገኝ የሚደረግ እርዳታ

ቀላል የከፍታ ሕመም ያለበት ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም። ያርፋል፤ ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳል። አሴታዞላማይድ 250 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ሊሰጠው ይችላል። ሕመሙ ከበረታ ዴክሳሜታዞን 4 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ሰውየውም እንዲወርድ ይደረጋል። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ በዚህ ምሽት ይከለከላሉ።

ሚዛኑን የሳተ ወይም የተደናገረ ሰው የአንጎል እብጠት እንዳለው ተቆጥሮ ወዲያውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በሰው ተደግፎ እንዲወርድ ይደረጋል። ዴክሳሜታዞን በመጀመሪያ 8 ሚሊ ግራም፣ ከዚያም 4 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጠዋል፤ ኦክስጅን ካለም ይታከላል። በሳንባ ውሃ ለቋጠረ ሰው ዋናው ሕክምና መውረድና ኦክስጅን ነው። ሁለቱም በማይገኙበት ጊዜ በዝግታ የሚለቀቅ ኒፌዲፒን 30 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣል። መድኃኒት መውረድን አይተካም።

በብርድ የተጎዳውን ሰው ከነፋስ መከለል፣ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ ከመሬቱ ብርድ የሚለይ ነገር ከሥሩ ማንጠፍና በመኝታ ከረጢት መጠቅለል ቀዳሚ ተግባራት ናቸው። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠዋል። እጅና እግርን ማሸት አይገባም። አእምሮው የፈዘዘ ከሆነ በጥንቃቄና በጋደመበት ሊንቀሳቀስ ይገባል፤ በድንገት ማንቀሳቀስ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላልና።

ከጉዞ በፊት የሚሰጥ ምክር

ለጉዞው ምክር ወይም የጤና ማረጋገጫ የሚጠየቅ ባለሙያ የጉዞውን ሰሌዳ በሜትርና በሰዓት መጠየቅ ይኖርበታል። «ጤነኛ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም። በቅርቡ የልብ ድካም የደረሰበት፣ በደረቱ ሕመም የሚሰማው፣ የሳንባ የደም ግፊት ወይም የጸና የሳንባ በሽታ ያለበት እንዲሁም የሲክል ሴል በሽታ ያለበት ሰው እንዳይሄድ ሊመከር ይገባል። አስሙን የተቆጣጠረ ሰው መሄድ ይችላል፤ መተንፈሻ መድኃኒቱን ግን ከጓዙ ሳይሆን ከሰውነቱ ጋር መያዝ አለበት። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን ከመቀዝቀዝ መጠበቅ፣ በሌሊቱ አቀበትም የደም ስኳሩን ደጋግሞ መለካት ይኖርበታል።

ቀደም ሲል የከፍታ ሕመም ለያዘው ሰው አሴታዞላማይድ 125 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ከጉዞው አንድ ቀን አስቀድሞ በመጀመር ሊታዘዝ ይችላል። የጣት መደንዘዝና የሽንት መብዛት ሊያስከትል እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ለሰልፋ መድኃኒቶች ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም።

መሪዎችና ተሸካሚዎች

በሪንጃኒ ድንኳኑን፣ ምግቡንና ውሃውን በቀርከሃ ዘንግ በትከሻቸው የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ የሳሳክ ተወላጆች የሆኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ በነጠላ ጫማ ይወጣሉ። ከፍታ ያልለመደው ተጓዥ በመኝታ ከረጢት ሲተኛ እነርሱ በስስ መጠለያ ያድራሉ። ተራራውን መልመዳቸው ከብርድ፣ ከወገብና ከጉልበት ጉዳት ወይም ከድካም አይጠብቃቸውም። የምሽቱ ምርመራ ስለ ቡድኑ ጤና ከሆነ እነርሱንም ሊያካትት ይገባል። መሪው ደግሞ በስፍራው የመጀመሪያው የጤና ሠራተኛ ነው። ለመሪዎች የሚሰጥ የጥቂት ሰዓታት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ብዙ ሕይወት ሊያድን የሚችለውም ስለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ያለው ትርጉም

ይኸው ጉዳይ በሰሜን ተራሮች በድንኳን የሚያድሩ ተጓዦችንም ይመለከታል። እዚያ የመኝታው ከፍታ ከሪንጃኒው ይበልጣል፤ የሳንካበር ሰፈር ብቻ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በመኪና በአንድ ቀን የሚደርስበት ሰው የሚኖረው የመላመጃ ጊዜ አጭር ነው። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ የአካባቢው ሰዎች የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠናቸው በባሕር ወለል ከሚኖሩት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ለትውልድ በከፍታ የኖሩትን የሚመለከት እንጂ ከቆላ ለመጣ እንግዳ ዋስትና የሚሆን አይደለም። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰውም ያገኘው መላመድ በባሕር ዳርቻ በሰነበተ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። «እኔ ደገኛ ነኝ» ማለት ከምሽቱ ምርመራ ነፃ አያደርግም።

ማጠቃለያ

በመሪ የሚደረግ የአንድ ሌሊት የተራራ ጉዞ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው በደኅና የሚጠናቀቅ ነው። አደጋ የሚመጣው ከፍታ፣ ብርድ፣ ድካምና ጨለማ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ሰዓት ሲገናኙ ነው። ይህን መገናኘት ለማስቀረት የሚቻለው ከእራት በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው ተጓዡንና መሪውን ለዚያ ሰዓት አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ በድንኳን መቅረትም እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ትክክለኛ የሕክምና ውሳኔ እንዲታይ ማስተማር ነው።